ሕፃን ልጅና የመዋኛ ውኃ፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

በዚህ እትም ዓምዳችን ሕፃናትን ከዋና ጋር ስለማለማመድ የደረሱንን ደብዳቤዎች ይዘን ቀርበናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 4 ወር ሆኖታል። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ገንዳ እየወሰድን ዋና እናስጀምረው ይላል። አማቴ ደግሞ «ብርድ ይመታዋል፤ እርግብግቢቱ እንኳ ሳይገጥም እንዴት ውኃ ውስጥ ይነከራል?» ብለው ተቆጥተዋል። እኔ ግን በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ውኃ ነክቶት ምንም አልሆነም ብዬ አስባለሁ። የማንን ልስማ? (ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)

መልስ፦ እህታችን፣ አማትዎ ስለ ብርዱ ያሉት እውነት ነው። ስለ እርግብግቢቱ ግን አይጨነቁ፤ ከቆዳው ሥር ጠንካራ ሽፋን ስላለው ውኃ አያስገባም። ክርስትናው ላይ የነካው ውኃ ከገንዳ ጋር አይወዳደርም። ያኔ ልጁ ለአፍታ ውኃ ነክቶት ወዲያው ተጠቅልሏል። ገንዳ ውስጥ ግን ለብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ብዙ፣ ስቡም ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ከአዋቂ በጣም ፈጥኖ ያጣል።

ስለዚህ ከዕድሜው በፊት መጠየቅ ያለበት የውኃው ሙቀት ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ውኃው ቢያንስ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ 30 ዲግሪ ይበቃል። የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው የሚያዘው፤ ለሚዋኝ አዋቂ የሚመች ሙቀት ተይዞ ዝም ለሚል ሕፃን ቀዝቃዛ ነው። የገንዳው ሠራተኛ «ሞቃት ነው» ቢልዎ በቃሉ ብቻ አይግቡ። ለሕፃን ገላ መታጠቢያ የሚሸጠውን ቴርሞሜትር ይዘው ይሂዱና ልጁ በሚገባበት ቦታ ውኃው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። 29 ካሳየ ልጁን ልብሱን ሳያወልቁ ይመለሱ። ጣራ የሌለው ገንዳ አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱን ስለሚቀዘቅዝ ጧት በጭራሽ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ያለውን ፀሐይ ይፍሩ። ከባሕር ጠለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የፀሐይ ክሬም እየተቀባ ሳይሆን ጥላ ሥር እየዋለ ነው የሚጠበቀው።

ስለ ዕድሜው፦ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሕፃን በማንኛውም ዕድሜ፣ ከክትባት በፊትም በኋላም ገንዳ መግባት ይችላል ይላል። የሚጠበቁ ነገሮች ግን አሉ። እትብቱ ወድቆ እምብርቱ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ሲወለድ የተከተበው የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባት) ቁስል ከሳምንታት በኋላ ያብጥና አንዳንዴ ፈሳሽ ያወጣል፤ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ቤት ይታጠብ እንጂ ገንዳ አይግባ። ያለጊዜው የተወለደ፣ የልብ ችግር ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ። ትኩሳት ወይም ትውከት ባለበት ቀንም አይገባም። እናትም ራሷ፣ በተለይ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ደሙ ቆሞ ቁስሉ እስኪድን፣ ይኸውም 6 ሳምንት ገደማ፣ ትጠብቅ።

የእኛ ምክር ልጁ አንገቱን አጽንቶ ቀጥ ማድረግ እስኪችል፣ ማለትም እስከ 5 ወይም 6 ወሩ ድረስ፣ ቤት እያለማመዱ መቆየት ነው። መቆየቱ የሚያሳጣው ነገር የለም። አንገቱ የጸና ልጅ ግን ለመያዝ በጣም ይቀላል፤ የያዘው ሰው ሲረጋጋ ልጁም ይረጋጋል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጃችን 6 ወሯ ነው። 32 ዲግሪ የሆነ የሕፃናት ገንዳ አግኝተናል፤ አሠልጣኝ ግን የለም። መጀመሪያ ቀን ምን እናድርግ? ለስንት ደቂቃ? (ከአዲስ አበባ፣ ሳር ቤት)

መልስ፦ ከገንዳው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ቤት ሳፋ ውስጥ ያለማምዷት። ውኃው 37 ዲግሪ ይሁን፤ ቴርሞሜትር ከሌለ በክርናችሁ ስትነኩት ለብ ብሎ የሚሰማችሁ። ቀጥታ ከጣሳ ፊቷ ላይ አትድፉ። መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ፣ ሌላ ቀን ማጅራቷ ላይ፣ ከዚያ ከአናቷ ወደ ኋላ በትንሽ ኩባያ አፍስሱ። ሁልጊዜ ከማፍሰሳችሁ በፊት ስሟን ጠርታችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በሉ። ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ውኃ ሊመጣ መሆኑን ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፈን ማድረግ ስትጀምር ገብቷታል ማለት ነው። ሳይነገራት ውኃ የፈሰሰባት ልጅ ግን ትደነግጥና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ውኃው የሚያንቃትም ያን ጊዜ ነው።

ገንዳ የምትሄዱበትን ሰዓት ከእንቅልፏ ከነቃች በኋላ አድርጉት። ከጠባች ወይም ከበላች ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይለፋት፤ ሆዷ ሙሉ ከሆነ ውኃው ሲጫነው ታስመልሳለች፣ ከራባት ደግሞ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ፎጣው፣ ኮፍያውና ደረቁ ልብስ ገንዳው ዳር ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ልጅቷ ውኃ ውስጥ ሳለች ፎጣ የሚያመጣ ሰው የለም።

አንዳችሁ ውኃው ደረታችሁ እስኪደርስ ግቡና ሌላው ልጅቷን ያቀብላችሁ። እርጥብ ደረጃ ላይ ሕፃን አቅፎ መውረድ ከገንዳ አደጋዎች አንዱ ነውና ብቻውን የመጣ ሰው ዳሩ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይንሸራተት። መጀመሪያ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ፣ ትከሻዋ ውኃ ውስጥ እስኪገባ ጎንበስ በሉና ዝም ብላችሁ ተራመዱ። ብዙ ወላጅ ልጁን ከወገቡ በላይ ከውኃ አውጥቶ ይይዛል፤ እርጥብ ደረቱን ነፋስ ሲያገኘው ከውኃው ይልቅ ያ ያበርደዋል።

ዘና ስትል ፊት ለፊት ያዟት፦ አውራ ጣታችሁ ከብብቷ በላይ በትከሻዋ በኩል፣ አራቱ ጣቶቻችሁ ጀርባዋን ደግፈው፣ አገጯ ከውኃው በላይ ሆኖ። እያያችኋት ወደ ኋላ ተራመዱ፤ እግሯ ራሱ መራገጥ ይጀምራል። ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ ይሞከራል። ጭንቅላቷን ትከሻችሁ ላይ አስደግፉ፣ ጉንጯ ጉንጫችሁን ይንካ፣ አንዱ መዳፋችሁ ከመቀመጫዋ በላይ ወገቧን ይደግፍ። ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሕፃን ይከብደዋል፤ ጀርባዋን አደንድና ልትነሣ ከሞከረች ወዲያው አቅፋችሁ አንሷት፤ በሌላ ቀን ትሞክሩታላችሁ። ተገዳ የቆየች ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ገንዳውን ስታይ ማልቀስ ትጀምራለች፤ ያንን ለማስረሳት ወራት ይፈጃል።

የመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ነው፤ እየሳቀች ቢሆንም ይወጣል። በየጊዜው እየጨመራችሁ እስከ 20፣ ዓመት ሲሞላት እስከ 30 ደቂቃ ትደርሳላችሁ። ትንሽ ሕፃን እንደ አዋቂ ስለማይንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡን አትጠብቁ። ከንፈሯ ዙሪያ ከጠቆረ፣ ክንዷና ጭኗ ላይ ቆዳው ዥንጉርጉር ከሆነ፣ ወይም ስትጫወት ቆይታ ድንገት ዝም ካለች በርዷታል። ደረቅ ፎጣ፣ ኮፍያ፣ ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ጡት። የመታጠቢያ ክፍሉን የሙቅ ውኃ ቧንቧ ሳትፈትሹ ልጅቷን ከሥሩ አታስገቡ፤ ቃጠሎ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ ራሳቸውን ከመስጠም እንዲያድኑ እናስተምራለን የሚል ቦታ አለ። ሕፃኑን ውኃ ውስጥ ሲያጠልቁት ትንፋሹን ይዞ ይወጣል። ባለቤቴ ለደኅንነቱ ብላ ልታስመዘግበው ነው። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያዩት ነገር ትምህርት ሳይሆን አብሮ የሚወለድ ምላሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውኃ ፊቱን ሲነካው የሕፃኑ ጉሮሮ ይዘጋል፣ የልቡ ምትም ይቀንሳል። ከ6 ወር በኋላ ግን ይህ እየደከመ ይሄዳል። ምላሹ ባለበትም ጊዜ ቢሆን ልጁ ውኃ ከመዋጥ አይድንም። ደጋግሞ የጠለቀ ሕፃን ብዙ ውኃ ሊውጥ ይችላል፤ ያ ውኃ በደሙ ያለውን ሶዲየም ያቀጥነዋል፣ ሲከፋም መንዘፍዘፍ ያመጣል። ከዋና በኋላ ያልተለመደ ድብታ፣ መነጫነጭ፣ ትውከት ወይም መንዘፍዘፍ ከታየ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ ገንዳ ውስጥ እንደነበረም ለሐኪሙ ይነገር።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አቋም ግልጽ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጥ የዋና ትምህርት የመስጠም አደጋን እንደሚቀንስ ማስረጃ የለም፤ ከወላጅ ጋር ውኃን ለመልመድ መግባታቸው ግን አይከለከልም። ብዙ ልጆች ከ1 ዓመታቸው ጀምሮ ትምህርቱን መጀመር ይችላሉ፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉት ትምህርቱ አደጋውን ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት አለ። እንግዲህ ለጨዋታና ለመላመድ ከሆነ፣ ወላጅ ውኃ ውስጥ አብሮ የሚገባበትን፣ ልጅን በግድ የማያጠልቁበትን ቦታ መርጣችሁ አስመዝግቡት። ለደኅንነት ከሆነ ግን 6 ወር ላይ ገንዘቡም ተስፋውም ያለ ቦታው ይውላል። እኛን የሚያስፈራን ወላጁ «ልጄ ተምሯል» ብሎ ዓይኑን የሚያነሣበት ደቂቃ ነው። ትንሽ ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም፣ እጁንም አያወራጭም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ውኃ አጠገብ ያለው አዋቂ ልጁን እጁን ዘርግቶ የሚነካበት ርቀት ላይ ይሁን፣ ስልኩም ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አንገት ላይ ስለሚታሰረው በአየር የሚነፋ ጎማ የጠየቃችሁ ሦስት አንባቢዎች አላችሁ፤ አትግዙት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 ሞትና ጉዳት መድረሱን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። አየሩ ሲቀንስ አገጩ በቀዳዳው ይሾልካል። የክንድ መንሳፈፊያና መቀመጫ ያለው ጎማም መጫወቻ እንጂ የሕይወት መጠበቂያ አይደሉም፤ መቀመጫው ሲገለበጥ የልጁ እግር ተይዞ ጭንቅላቱ ከታች ይቀራል።

ጥያቄ፦ ገንዳ አንሄድም፣ አቅሙም የለንም። ግን ጉለሌ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤታችን በባልዲና በበርሜል የተሞላ ነው። ልጄ 10 ወሯ ነው፣ መዳህ ጀምራለች፤ ይዛ መቆምም እየሞከረች ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ቀድሞ መመለስ የነበረበት ይህ ነው። ልጅዎ ከሆቴል ገንዳ ይልቅ የቤት ባልዲ ይበልጥ ያሰጋታል። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላቷ ከቀረው ሰውነቷ አንጻር ከባድ ነው። የባልዲውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ክብደቷ ወደ ፊት ይወስዳታል፤ አንዴ በጭንቅላቷ ከገባች ክንዷ ራሷን መልሶ ለማውጣት አቅም የለውም። ውኃ የያዘ ትልቅ ባልዲ ደግሞ ከልጅቷ ይከብዳልና አይገለበጥም። 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ እንኳ አፍንጫና አፏን ለመሸፈን በቂ ነው።

በርሜሉ ልጅ የማትከፍተው፣ የሚጠመዘዝ ወይም የሚቆለፍ ክዳን ይኑረው። ላዩ ላይ የተጣለ ሳህን ወይም ጣውላ ክዳን አይባልም፤ ስትደገፍበት አብሯት ይገባል። ከተቻለ ከባልዲ ወደ ጀሪካን ይዙሩ፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ጭንቅላት አያስገባም። ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ መሬት ላይ አይደር፤ የታጠቡበት ውኃም ወዲያው ይደፋ። ባዶው ባልዲ በአፉ ይደፋ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ልጅቷ የማትደርስበት መቀርቀሪያ ይደረግ። ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ወይም በክረምት ውኃ የሚያቁር ቦታ ካለ አጥሩት። ልጅቷን እያጠቡ ስልክ ቢጮኽ ወይም በር ቢንኳኳ፣ ፎጣ ጠቅልለው ይዘዋት ይሂዱ። ታላቅ ወንድሟ ወይም እህቷ እንዲያያት መተው አይሆንም፤ ልጅ ልጅን ከውኃ አይጠብቅም።

አደጋው ከደረሰ ደግሞ፣ ሕፃን በእግሩ ዘቅዝቆ ውኃ ለማውጣት ማራገፍ በየሰፈሩ የሚታይ ነው፤ ጊዜ ከማጥፋት በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። ሳንባ የሚፈልገው አየር ነው። ልጅቷ ካልተነፈሰች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባዋ ያስተኟት፤ አንገቷን ወደ ኋላ አብዝተው አያጥፉ፣ ፊቷ ቀጥታ ወደ ላይ ይሁን። አፍዎን በአፏና በአፍንጫዋ ላይ አንድ ላይ ገጥመው ደረቷ ከፍ እስኪል ድረስ ብቻ በቀስታ 2 ጊዜ ይተንፍሱ። ምላሽ ከሌለ ደረቷን በሁለት እጅዎ አቅፈው በሁለቱ አውራ ጣቶችዎ ከጡቶቿ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ የደረቷን መሐል 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫኑ፤ 30 ጊዜ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት። እንደገና 2 ትንፋሽ፣ 30 ግፊት። ሌላ ሰው ካለ ወዲያው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907፣ ይደውል፤ ብቻዎን ከሆኑ ይህን 2 ደቂቃ ሠርተው ይደውሉና ይቀጥሉ። ብትነቃና ብታለቅስም ሐኪም ቤት መወሰዷ አይቀርም፤ ሳንባዋ የገባበት ውኃ ከሰዓታት በኋላ አተነፋፈሷን ሊያከብደው ይችላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ የምንኖርበት ሕንፃ ገንዳ አለው። የ8 ወር ልጄን በተለመደው ዳይፐር አስገባሁት፣ ውኃ ጠጥቶ አበጠና ተቀደደ። የመዋኛ ዳይፐር በእርግጥ ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው። የተለመደው ዳይፐር ውስጥ ያለው ዱቄት ሽንት ሲነካው ወደ ጄል የሚቀየር ነው፤ ገንዳ ውስጥ የገንዳውን ውኃ ይመጥና ልጁን ወደ ታች የሚጎትት ሸክም ይሆናል። የመዋኛው ዳይፐር አይመጥም፤ ሽንቱ ያልፋል። ጥቅሙ ዓይነ ምድርን ለጥቂት ጊዜ መያዙ ነው፣ ለዚያም በጭኑና በወገቡ ዙሪያ ጥብቅ ማለት አለበት፤ ጣት በቀላሉ ከገባ ሰፍቷል። መኪና ውስጥ አታልብሱት፤ ያጥለቀልቀዋል። ገንዳው ዳር ሲደርሱ ይቀየር፣ በየ30 ደቂቃው ይታይ፣ ሲቀየርም ከገንዳው ርቆ ይሁን። ተቅማጥ ያለበት ልጅ የትኛውንም ቢለብስ አይገባም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የተቅማጥ ተውሳክ በደንብ ክሎሪን በተደረገበት ውኃ ውስጥ እንኳ ከ7 ቀን በላይ ይኖራልና፣ በእሱ የታመመ ልጅ ተቅማጡ ከቆመ በኋላም 2 ሳምንት ይቆይ።

ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት ገንዳ ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ፤ ሽታው ክሎሪኑ ከሽንትና ከላብ ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠር ነው፣ የሕፃንን ዓይንና መተንፈሻም ይቆጠቁጣል። ጠባቂው በየቀኑ የሚመዘግበውን ልኬት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፦ ክሎሪኑ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም፣ የውኃውን አሲዳማነት የሚያሳየው ፒኤች ከ7.0 እስከ 7.8። እናንተ ጋ በበጋ ደግሞ ችግሩ ግልባጭ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለው የውጭ ገንዳ ይሞቃል፣ ሕፃን ደግሞ ውኃ ውስጥ ላቡ አያቀዘቅዘውም። ቴርሞሜትሩ ከ34 ካለፈ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ለበዓል ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ሐዋሳ እየሄድን ነው፤ ስንመለስ ሶደሬ እናርፋለን። የልጅ ልጄ 9 ወሯ ነው፤ እናቷ ሐይቁ ዳር እግሯን ላስነክራት ትላለች። (ከአዳማ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሐይቁ ላይ እባክዎ ያስቆሟት። ሐዋሳም፣ ዝዋይም፣ ጣናም የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ያለባቸው ናቸው። ትሏ በደቂቃዎች ውስጥ በጤነኛ ቆዳ ትገባለች፤ የሕፃን እግር ማስነከርም ይበቃታል፣ በፎጣ መጥረግም አስተማማኝ አይደለም። ሕፃኗ በሐይቅ ውኃ ከታጠበች ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ሶደሬ ፍልውኃ ስለሆነ ሌላ ጥያቄ ነው። ለእርስዎ ጉልበት የሚስማማ ሙቀት ለሕፃን ይበዛል። የተፈጥሮ ሙቅ ውኃ ውስጥ ደግሞ ኔግሌሪያ የሚባል አሜባ ሊኖር ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፣ ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ገዳይ የሆነ የአንጎል ሕመም ያመጣል፤ የሚገባው ውኃ በአፍንጫ ሲሳብ ነው። ሕፃን አፍንጫዋን መጠበቅ ስለማትችል እርስዎ ሲዘፈዘፉ እሷ ጥላ ሥር፣ ከቤት በመጣ ውኃ ሳፋ ውስጥ ትጫወት።

ጥያቄ፦ ከገንዳ በኋላ ጆሮው ውስጥ ውኃ ገብቶ እንዳይታመም ዘይት ጠብ ላድርግለት? ችፌም አለበት። (ከደሴ)

መልስ፦ ዘይትም፣ የጡት ወተትም፣ የጆሮ መጥረጊያ ዱላም ጆሮው ውስጥ አይግባ። ጭንቅላቱን ወደ አንዱ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዘንብለው የወጣውን ውኃ ከውጭ በፎጣ ጫፍ ያድርቁ። መግል ወይም ፈሳሽ የሚወጣው ጆሮ ካለ ግን ሐኪም ሳያየው ገንዳ አይገባም። ችፌው ካልቆሰለና ካልተሰነጠቀ ዋና አይከለክልም። ከመግባቱ በፊት ስስ ቫዝሊን ይቀቡት፣ ሲወጣ ወዲያው በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ያለቅልቁት፣ ቆዳው ሳይደርቅ እንደገና ወፈር አድርገው ይቀቡት። የተቀባ ልጅ ከእጅ ያሟልጫልና ሲያነሡት በፎጣ ይያዙት።